የሚሊ መቶኛ

ሠላሳ አንድ ዓመት ለካሁ በባቡሩ አቴሊዬ፣
ካሊፐሬን በደረት ኪሴ፣ እርሳሴን ሰክቼ በጆሮዬ።
ብረት በድሬ ፀሐይ፣ ቀትር ሲያልፍ፣ እንደሚለጠጥ፣
ጠዋት የለኩት ቁጥር ማታ እንደሚለወጥ፣
ይህን ሁሉ አስልቼ ነው በመዝገብ የምጽፈው፤
«ሼፍ ወንድይራድ ከፈረመ፣ ዓይንህን ጨፍነህ እለፈው»
ይባል ነበር።

አንድ ዓመት፣ ለአንዲት የተለማማጅ ቦታ፣
ሁለት ልጆች ቀሩልኝ ከዚያ ሁሉ ጋጋታ።
ምስክር የከዚራ፣ ሮብሌ ከደቻቱ ማዶ፤
ለየአንዳንዱ ብረት ሰጠሁ፣ ኩብ አርጎ እንዲያመጣ ሞርዶ።
የምስክር በዘጠኝ መቶኛ ከልኩ አለፈ።
የሮብሌ በሁለት። እጄ ይህንኑ ጻፈ።

ከዚያ ወንበር ስቤ ጥቂት ጥያቄ ጠየቅኩ።
ምስክር አንገቱን ደፋ፤ «ጨዋ ልጅ» አልኩ።
ሮብሌም አንገቱን ደፋ፤
«ምን ይደብቃል?» አልኩ።
ምስክር ሲመልስ ተንተባተበ፤ ትሕትናው ደስ አለኝ።
ሮብሌ ሳይንተባተብ መለሰ፤ ድፍረቱ ከበደኝ።
የሮብሌ ጫማ የወንዙን አሸዋ እንደያዘ አየሁ፤
የምስክርን ጫማ አላየሁም።
ከሁለቷ መቶኛ ጎን፣ በዚያው እርሳስ፣ «ልብ አይሞላም» ብዬ ጻፍኩ፤
ቤቴ ገብቼ በላሁ፣ ተኛሁ፤ ሌሊቱን አልባነንኩ።

የድሬ ሰው ዘር አይጠይቅም እንላለን፤ እንኮራበታለንም።
እውነት ነው። አልጠየቅኩም።
ከየት ነህ፣ የማን ነህ፣ ከአፌ አልወጣም።
ሳልጠይቅ ነበር ያወቅኩት፤
ሳላውቅ ነበር የፈረድኩት።

ምስክር በወንበሬ ተተካ። ጡረታ ወጣሁ። ባቡሩ ቆመ።
ባለፈው ሰኞ፣ የቤቴን ቁልፍ ላስቀርጽ አሸዋ ገበያ ብወርድ፣
አንድ ጺሙ ሂና የጠጣ ሰው፣ ከጃንጥላ ሥር፣ በጉልበቱ ላይ ሞረድ።
ቀና ብሎ አየኝ። አቀረቀረ። ያው አንገት ነው።
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሞረደ፤ ብናኙን በትንፋሹ እፍ አለው።
«ስንት ነው?» ብለው፣
ቁልፉን በመዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋልኝና፣
«ሼፍ» አለኝ፣ «መጀመሪያ ይለኩት።»

እጄ፣ ሳላዘው፣ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ።
ካሊፐሩ የለም።