ማነጻጸሪያ

ሁለት መቶ አሥራ አራት ደረጃ ቆጠርሁ፤
የቫልፓራይሶን ወደብ ከእግሬ በታች ተውሁ፤
በብብቴ መጠይቅ፣ በኪሴ እርሳስ ይዤ
ከጉሙ እኩል ደረስሁ፣ በብርድ ደንዝዤ።

የቆርቆሮ በር ነው፣ ሰማያዊ ቀለም።
«ያስና ነሽ?» አልኋት። «ነኝ፤ ግባ፣ ግድ የለም።»
አንዱ ልጅ ከጀርባዋ፣ አንዱ ከእግሯ ሥር፣
ሦስተኛዋ ከአልጋው ጫፍ ጫማ ስትፈታ ስታስር።

«ጥያቄ አሥራ ሁለት፦ ባለፈው ሳምንት ውስጥ
ስንት ሰዓት ሠራሽ?» አልሁ፣ ድምፄን ሳልለውጥ።
የጋዙን ሲሊንደር ከታች ተሸክማ ወጥታ፣
የሦስት ልጅ ልብስ ከባሕር ንፋስ ታግላ አስጥታ፣
ሌሊቱን በሳል ያደረ ሕፃን አቅፋ ነቅታ —
«የተከፈለኝን ነው?»
«አዎ።»
«እንግዲያ ዜሮ።»
ጻፍሁት፤ ክብ ነው፣ ሆዱ ባዶ ከበሮ።

ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ያጡ እናቶች
ስማቸው ተበወዘ እንደ ቁማር ካርዶች፤
እኩሌቶቹ ድጎማ፣ ሥልጠናም አገኙ፤
የቀሩት ለንጽጽር ባዶ እጅ ተሸኙ።
«ዕጣ ነው» አልሁ፣ እንዳስጠኑኝ፣ ቃል በቃል።
ድስቱን አማሰለች፤ ምስር ነው፣ ይፈላል።
«እንግዲያ እኔ» አለች፣ «የሚዛን ድንጋይ ነኝ፤
ሌላው እንዲመዘን ከወዲያ ያኖሩኝ።»

ምሽት አንድ ተኩል ላይ ሰው በደረጃው መጣ፤
ዮሴሊን፤ የሱቅ መለያ ለብሳ፣ ፊቷ የገረጣ።
አውቃታለሁ፦ ቁጥር ዘጠና ሰባት፣ የስኬት ምሳሌያችን፤
ፈገግታዋ የታተመው በሪፖርት ሽፋናችን።
«ልጄ በላች?» አለች።
«በላች» አለች ያስና።
መዋለ ሕፃናቱ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋና፣
የሱቁ ፈረቃ ግን ገና ነው፣ ገና፤
የቀረው ሰዓት ሁሉ፣ ክረምት ከበጋ፣
ያለ ውል፣ ያለ ሳንቲም፣ ከያስና ጋ።

በእኛ ሙያ ይህ ነገር «ብክለት» ይባላል፤
አለቃዬ ቢያነበው መስመሯን ይሰርዛል።
ቅጹን አገላበጥሁት፤ ለዚህ ሳጥን የለውም።
ኅዳጉ ላይ «ሦስተኛዋ ልጅ የጎረቤት ናት» አልሁ፤
ሌላ አልጨመርሁም።

ስወርድ ጨልሞ ነበር፤ ደረጃው መብራት የለው፤
ያስና በስልኳ አበራችልኝ እስከ መታጠፊያው።
«ለዚህስ» አለች ከላይ፣ ልጁን እያባበለች፣
«ስንት ሰዓት ጻፍህልኝ?»
ደግሞም ሳቀች።