አብሽሪ

ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሽመና ክፍል ቆሜ፣
በጣት ነው ያወራሁ፣ በከንፈር ነው ስሜ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ መቶ ሸማኔ ብረት
አንድ ላይ ሲያጓራ ከንጋት እስከ ሌት፣
ቃል ማን ይሰማል?
ሁለት ጣት ስናጣምር፣ ክሩ ተበጠሰ፤
መዳፍ ሆድ ላይ ሲያርፍ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ፤
አውራ ጣት ቀጥ ሲል ወደ ጣራው ቀና፣
ተጠንቀቅ፣ አለቃ ከላይ ወርዷልና።
ያሸብር ወርቅያን በቅንድብ ጠይቆ
እሺታዋን አየ ከአምስት ማሽን ርቆ።

ቤት ስገባ እጮኻለሁ፤ እናቴ ትቆጣለች፤
«ጆሮዬስ ጤና ነው፤ ጉልበቴ ነው» ትላለች።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ፦ «ወይዘሮ ጦይባ
ከሰኞ ጀምሮ ዕቅድ ክፍል ትግባ።»

ገባሁ። ጸጥታው ጆሮዬን አመመኝ።
«እንደምን አደራችሁ!» ያልኩት አስደነገጠኝ
እኔኑ መልሶ፤ ወረቀት በረረ፣
የሒሳብ ሹሙ ሻይ ሸሚዙ ላይ ቀረ።
ኢንጂነር ምትኩ፣ አለቃዬ፣ ቀና አለ፤
«ባጭሩ» አለኝ። ሌላ ቃል አልታከለ።
ያ ሰው ቃል ሲያወጣ ከደሞዙ ይመስላል፤
«አለ ወይስ የለም?» ይልና ዝም ይላል።

ሉባባ ደግሞ አለች፤ የደሴ ልጅ ናት፣
ሐረጎን በሚኒባስ ስትወርድ በየጠዋት፣
ጉም ውስጥ ሆና በስልክ ሥራዋን ጨርሳ፣
አፏን የምትከፍት በቀን አንዴ፣ ለምሳ።
«ሪፖርቱ ደረሰሽ?» ብዬ ብጽፍላት
አውራ ጣት ላከችልኝ፤ ቀጥ ያለች አንዲት ጣት።
እኔ ምን ላውቅ፤ ሻርፔን ሳብ አድርጌ
ቆምኩ፣ ከላይ የሚወርደውን አለቃ ፈልጌ።
ማንም አልመጣም።

ታች መጋዘን ደግሞ ጋሽ እንድሪስ አሉ፤
ሰላምታ ሳይጠግቡ ሥራ አይቀበሉ።
«ደኅና አደርሽ? ቤት ደኅና? ዝናቡ እንዴት ነው?
ያ ትንሹስ ልጅሽ፣ ጥርሱን ያመመው?»
የዐሥራ አራት ቁጥር ቺንጋው ተበጥሶ
ልጠይቅ ወረድኩኝ፣ ምትኩ ዐይኔን ጠብሶ።
«ቺንጋ አለ ወይ?» ስል፣ መሬት መሬት አዩ፣
«እናትሽስ?» አሉኝ ደግመው፣ ጥቂት ቆዩ፣
በመጨረሻም «አብሽሪ፣ ልጄ» አሉኝ፤
ልቤ ቅቤ ጠጣ። እስከ በሩ ሸኙኝ።

ለምትኩ «አለ» ብዬ አንዲት ቃል ጻፍኩለት፤
ባጭሩ! እንደ ወጉ፣ ልክ እንደሚጥምለት።

ዐሥራ አራት ቁጥር ሦስት ቀን ሙሉ ቆመ፤
ሦስት ቀን ጥቅል ክር አቧራ ለቀመ።
«አለ ብለሽ ነበር» አለኝ ሰው እያየ፤
ድምፁም አልጨመረ፤ ዝምታው ግን ቆየ።

ተንደርድሬ ወረድኩ፤ እንባዬ ሊመጣ፣
«ለምን ዋሹኝ?» ስል ድምፄ እስከ ጣራ ወጣ።
እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው ዳሰሱ፤
«እኔ ዋሽቼሽ?» አሉ፤ ዐይኖቻቸው ራሱ።
«ሦስት ጊዜ ነገርኩሽ። መሬት መሬት አየሁ።
እናትሽን ደግሜ፣ ደጋግሜ ጠየቅሁ።
ዕቃው ቢኖር ኖሮ እናትሽን ልጠይቅ?
ቁልፉን አነሣ ነበር እንጂ፣ የምን መሳቀቅ!»

መጀመሪያ ዝም አልኩ፤ በሩ ጋ ስደርስ ሳቅኩ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዐይን ስሰማ የኖርኩ፣
ዐይኔን የት ጥዬ ነው ጆሮዬን ያመንኩ?

ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ «የለም» ብዬ እወጣለሁ፣
ወደ ታች የእንድሪስን ጥጃ ጠይቄ እወርዳለሁ፣
ለሉባባም በጣት መመለስ ጀምሬአለሁ፤
ልቤ ግን አሁንም፣ ያቺን ጣት ባየ ቁጥር፣ ብድግ ይላል።

አንድ ቀን ምትኩ ሽመና ክፍል ወርዶ፣
«ባጭሩ!» እያለ፣ ድምፁ በብረት ታርዶ፣
አፉን ሲከፍት ሲዘጋ፣ ውኃ እንዳጣ ዓሣ፣
ያሸብር ከሩቅ ሆኖ ቅንድቡን አነሣ፤
«ምን ይላል ሰውየው?» ለማለት ነው። እኔም
በጣት ተረጎምኩለት። ምትኩ ዐይኑን ከጣቴ አልነቀለም።

ሰኔ መጨረሻ፣ ሁሉንም ሰብስቦ፣
የጭማሪው ወሬ በየልቡ ከብቦ፣
ቆመ። «ባጭሩ» ሊል ነው ስንል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ፣
«እንዴት ከረማችሁ?» አለ። «ልጆች ደኅና?
ክረምቱስ በቃሉ በኩል ገባ ወይ ገና?
እናቶቻችሁስ?»
አለና አቀረቀረ።
የጋሽ እንድሪስ ትንፋሽ ረጅም ነበረ።

እኔም ከወንበሮች ማዶ ለቆመው ያሸብር
ሁለት ጣት አጣመርኩ፤
በከንፈሬ ብቻ፦ አብሽር።