ለቀማ

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከብየዳ ቤቱ ጎን፣
አምስት ሆነን እንውላለን፣ አንድ ሼድ ተከራይተን።
ለውዙ በኩንታል ይገባል፤ ዘርፌ ትቆላለች፣
አስካለ ታሻለች፣ ስንዱ ትፈጫለች፣
ሽታዬ ጠርሙሱን ሞልታ ታሽጋለች።
እኔ ለቃሚ ነኝ።
ደሞዝተኛው ዓይኔ ነው፤ እጄ ተላላኪው፣
ሻጋታ ሲል አንሺ፣ ደህና ሲል አትንኪው።
ወንበሬ የቢራ ሣጥን፣ ምንጣፌ የታጠፈ ጆንያ፣
ወገቤ ስነሣ ይጮሃል፣ እንደ ዛገ ማጠፊያ።
የፒያሳው ባለሱቅ ይደውላል፤ «አደራ ለሐሙስ፣
ሦስት መቶ ጠርሙስ!»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ልጅ መጣች፣
የጤና ተማሪ ናት፣ ወረቀት ይዛለች።
ወረቀቱ ላይ ሰው ተሥሏል፣ ራቁቱን፣
ከፊትም ከኋላም፤ ረስተውታል ዓይኑን።
«የሚያምሽ የት ላይ ነው? ምልክት አድርጊበት።»
ትከሻው ላይ አንድ፣ ወገቡ ላይ ሁለት፣
የእጁ አንጓ ላይ ሦስት። እስከዚህ ተግባባን።
«የሐሳብሽ ድካምስ፣ ከመቶ ስንት ይሆናል?»
ዝም አልኩ። ሐሳብ በምን ይለካል?
ያለን ሚዛን አንድ ነው፤ እሱም ግራም ያጎድላል።

ምን ብዬ ልንገራት?
አንዲት ሻጋታ ፍሬ ካመለጠችኝ ትፈጫለች፣
ከተፈጨች ወዲያ ማን ይለያታል? ትታሸጋለች፣
በማላውቀው ቤት፣ ጠዋት፣
የማላውቀው ልጅ ዳቦ ላይ ትቀባለች።
ታክሲ ውስጥ እለቅማለሁ፤
የረዳቱን ሳንቲም፣ የተሳፋሪውን ጥርስ፣
ደህናውን ከተበላሸው፣ ቤቴ እስክደርስ።
ሌሊት ዓይኔን ብከድን፣ ጨለማው ላይ ሰፌድ ተዘርግቶ፣
ዳምጠው ይቀሰቅሰኛል፣
ጣቶቼ ብርድ ልብሱን ሲለቅሙ አይቶ።
ይሄ ስንት ነው፣ ከመቶ?

«ሃምሳ በይው» አልኳት።
ሃምሳ ማንንም አያስቀይምም።
ጻፈች፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተነሣች።
እንደ ዋዛ፣ ከሰፌዴ አንድ ፍሬ አንሥታ
ወደ አፏ ስትል፣ እጄ ከአፌ ቀደመና
ከከንፈሯ ላይ ነጠቃት።
ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ።
ፍሬዋን በጥፍሬ ለሁለት ከፈልኳት፤
ውስጧ አረንጓዴ፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም።

ልጅቷ ወረቀቷን መልሳ ገለጠች፣
ሥዕሉን በፊት በኋላ አገላበጠች፣
እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቆመች፤
የምትጽፍበት ቦታ አጣች።
ስንዱ ከወፍጮው በኩል
«ለውዝ አለቀ!» ብላ ተጣራች።