ሲጠብቅና ሲላላ

በርገን ላይ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
በር አያንኳኳም፣ ፈቃድ አይጠይቅም።
ከባሕሩ ተነስቶ ሰባቱን ተራራ ይዞራል፣
ጠዋት ከሰው ቀድሞ መንገድ ላይ ይውላል።

ኢንጂነር ኤይቪንድ ሃውግስዳል፣ በዚህ ዳገት ሰፈር፣
ነጭ የእንጨት ቤት ውስጥ ሲኖር፣
አርባ ዓመት ሙሉ ከውሃ ጋር ነበር
ሙግቱ፤
ሌላ ጠላት አልነበረውም በሕይወቱ።

ሲኖቬ ልጁ፣ ከቀብሩ ማግስት
መሳቢያውን ስትከፍት
አገኘች ሦስት ወረቀት፤
ማኅተም የተመታበት፣
ጠርዙን እርጥበት የበላው የፈጠራ መብት።

አንደኛው ዑደት ነው፣ ከጥፍር ያነሰ፤
ግድግዳ ውስጥ ተኝቶ፣ ሳንቃው ከራሰ
ጠብታ ሁለቱን የመዳብ ክር ያገናኛል፣
ያን ጊዜ ቀይ መብራት «መጣ!» ብሎ ይበራል።

ሁለተኛው የሌዘር ጨረር ነው፣ የጠራ፤
ሲመሽ አንግቶ ይዞት፣ በየደጁ ጎራ
እያለ፣ የሰውን ግድግዳ በአረንጓዴ መስመር
እንደ ልብስ ሰፊ ሲለካ፣ ሲመረምር፣
መስመሩ ከጎበጠ እዚያ ነው ስንጥቁ።
ጎረቤቶች መጋረጃ ገልጠው እየሳቁ
«ቤታችንን ሊሰፋው መጣ» ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ከንፈር ነው፤ የጎማ ከንፈር፣
ከመስኮት ደፍ ሥር የሚቀበር፤
ውሃን ሳይሰድብ፣ ሳይታገል፣ ሳይገፋ፣
«በዚህ በኩል ጌታዬ» ብሎ ወደ ደጅ የሚደፋ።

መርማሪዋ ከኦስሎ ጻፈች፦
«የተከበሩ ኢንጂነር፣ ይህ አዲስ አይደለም።
የበርች ልጣጭ፣ ከሣር ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርቦ
ስንትና ስንት ዘመን ውሃ ሲመልስ ኖሯል፤
የእርስዎ ከንፈር ከዚያ በምን ይለያል?»
ሦስት ሌሊት አልተኛም። በአራተኛው መለሰ፦
«ልጣጩ ያፍናል፣ የእኔ ግን ይተነፍሳል፤
ከውስጥ የታፈነው ይወጣል፣ ከውጭ የመጣው ይመለሳል።»
ማኅተሟን መታች።

ከሰነዱ ግርጌ የይገባኛል ዝርዝር አለ፦
አንድ፣ ከንፈሩ ይገባኛል።
ሁለት፣ እጥፋቱ ይገባኛል።
ሦስት፣ ጠብታ የሚንሸራተትባት ቀጭን ቦይ፣
እሷም ትገባኛለች።

ይህን በራሴ ፊደል ስገለብጥ ብዕሬ ቆመ።
የእኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፣
ለአንባቢ ይተወዋል።
«ይገባል»—
ገ ሲጠብቅ፣ መብት ነው፤
ገ ሲላላ፣ ውሃ ነው።
የኤይቪንድ ሙያ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣
ያቺን አንዲት ፊደል ማጥበቅ ነበር፣ ይኸው ነው ጠቅላላው ቃሉ።

ሚስቱ ጉንቮር የታመመች ዓመት
ለሦስተኛው ወረቀት
ዓመታዊ ክፍያ ነበረበት።
ደብዳቤው መጣ፣ ከመድኃኒት ብልቃጥ ሥር ተኛ፤
ሌላም መጣ፤ ሦስተኛ።
መብቱ ላላ።
በረዶ ሳይጥል፣ አንድ ፋብሪካ ከስታቫንገር
ያንኑ የጎማ ከንፈር
በሜትር ይሸጥ ጀመር።

ዛሬ ዳገቱ ላይ የሚያፈስ መስኮት የለም፣
የማን እጅ እንዳለበት የሚያውቅም የለም።
ከሦስቱ ወረቀት ለኤይቪንድ ጠብ ያለ ሳንቲም የለም፤
ጠብ የሚለው የገዛ ጣሪያው ብቻ ነው፣
ከጭስ ማውጫው ግድም፣
ባልዲ ላይ፣
ጠብ፣
ጠብ።

«ለሰው ሁሉ ደፍኖ!» አለ ጎረቤቱ ኦድቫር፣
ራሱን ነቀነቀ።

ሲኖቬ ከመሣሪያ መደብር ሁለት ሜትር ከንፈር ገዛች፤
(ደረሰኙ ላይ የአባቷ ስም አልነበረም።)
መሰላል አቆመች፣ ወጣች፣ በባትሪ አየች።
ቀዳዳው ክብ ነው። በመሰርሰሪያ የተበሳ።
ከጎኑ፣ ሳንቃው ላይ፣ በእርሳስ፦
«አትድፈኑት። እኔ ነኝ የከፈትኩት።
አንድ ቀን ውሃ ያልነካው ዑደት
እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?»

ዝናቡ ጀመረ።
የመጀመሪያዋ ጠብታ መዳቡን ስታ
በሲኖቬ አንገትጌ ገባች፤ ሁለተኛዋ አልሳተችም፤
ከሳንቃው መሐል፣ እንደ ምስር ፍሬ፣
ቀይ መብራት በራ።

ጎማውን ሳትቆርጠው፣ እንደተጠቀለለ፣ በብብቷ ይዛ ወረደች።
በቋንቋዋ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤
በእኔ ቋንቋ ግን፣
ገባት።