የኑግዛር እግር

በእኛ ከተማ፣ በዜስታፎኒ፣ አዲስ ዓመት ሲነጋ
ማንም እንዳሻው አይገባም፤ ቀድሞ ደጃፍ የሚጠጋ
የዓመቱን ገድ ይዞ ነው፤ እግሩ ነው የሚመረጠው።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ኑግዛርን ነው የመረጥነው፣
የባቡር ጣቢያው ጡረተኛ፣ ጫማው ጀልባ የሚያህለው።
ከረሜላ ወለሉ ላይ በትኖ፣ ቀኝ እግሩን አስገብቶ፣
«እግሩ የእኔ፣ ዱካው የመልአክ ይሁን» ይላል፣ ቆቡን ብብቱ ከትቶ።
እናቴ ላማራ ከጓዳ፣ እጇ ዱቄት እንደለበሰ
«እግረ እርጥብ!» ትለዋለች፣ ሳቋ ጣሪያ እየዳሰሰ።

ዓምናም መጣ። በተነ። መረቀ። ጠጣ። ሄደ።
በመጋቢት ከእናቴ ጡት ሥር ጠጠር የሚያህል ነገር ተወለደ።

መጀመሪያ ቢላ። ከዚያ ኩታይሲ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበር ቁጥር ሰባት፣
በየሃያ አንድ ቀኑ ቀይ መድኃኒት የሚወርድባት።
ፀጉሯ መጀመሪያ ትራሱ ላይ፣ ከዚያ ማበጠሪያው ላይ፣ ከዚያ የትም።
«ሻምፖ ተረፈን» አለች፤ እኛ ግን አልሳቅንም።

ኑግዛርን ማንም አልወቀሰ። ስሙንም ያነሳ የለም።
ራሱን የከሰሰ ሰው ግን ይግባኝ የሚልበት የለው፤
በእኛ በኩል ሲያልፍ፣ ማዶ ለማዶ ነው የሚሄደው።

የዓመቱ መጨረሻ ማታ፣ ከአምስተኛው ዙር በአራተኛው ቀን፣
ሁሉ ነገር ብረት ብረት እያላት፣ ወጥ ቤት ገባች ቀድማን።
በዋልነት የተሠራውን የዶሮ መረቅ እኔ እቀምሳለሁ፤
«ጨው?» ስትለኝ «ትንሽ»፤ ለአንድ ሌሊት የእናቴ ምላስ ሆኛለሁ።

ወንድሜ ባድሪ ከገበያ ያን ነጭ ዛፍ አመጣ፣
ከደረቅ እንጨት በቢላ ተፍቆ፣ ጥቅልል ጥቅልል እያለ የወጣ።
የአራት ዓመቷ ልጁ ባርባሬ ዳብሳ፣ አሽትታ፣
«አያቴ፣ ፀጉርሽን አገኘነው!» ብላ ጮኸች በደስታ።

ሁላችን ዝም።
እናቴ ሻሿን ፈታች። «እስቲ ልለካው» አለች፤ አንዱን ጥቅልል ቀንጥሳ
ከጆሮዋ ኋላ ሰካች፤ መስተዋት ጠየቀች፤ የተኛ ሳቋ ተነሣ።

ከእራት በኋላ አባቴ፣ ዓይኑን ከሰሃኑ ሳይነቅል፣
«ነገ ማን ይግባ?» አለ።
አክስቴ «የቄሱ ልጅ»፤ ባድሪ «ዶክተሯ ብትመጣስ?»
እኔ «ማንም አይግባ፤ በሩ ይቆለፍ ዘንድሮስ።»
እናቴ መልስ አልሰጠች። ርችቱ ሲንጣጣ፣ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ
ትጠብቅ ነበር፣ ከኑግዛር ቤት አንድ ጭላንጭል እስኪመጣ።

ሲነጋ አልጋዋ ባዶ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል።
የቤት ጫማዋ ዱካ በበረዶው ላይ መንገዱን አቋርጧል፣
አጭር አጭር፣ ሁለት ቦታ ላይ የቆመ፣
ትንፋሽ የሰበሰበችበት፣ ጉልበቷ የደከመ።

ሮጬ ስደርስ ኑግዛር በፒጃማ፣ የበሩን እጀታ ይዞ፣
ከፊቷ ቆሟል ፈዞ።
«እኔ ገደ ቢስ ነኝ፣ ላማራ፤ ይህን እግር ቢቆርጡት ይሻላል።»
«አንተ ሞኝ፣ ዕጢ በሰው ጫማ ተጣብቆ ይመጣል?
ዓመታት ቆይቷል ብላኛለች ሐኪሟ፤ በባድሪ ሠርግ አብሮኝ ጨፍሯል፤
ያንተን ከረሜላ ስንቴ አብሮኝ ቆርጥሟል!
አሁን ካፖርትህን ልበስ። በርዶኛል።»

«ቆይ!» ብሎ ቤቱ ሁሉ ጮኸ፣ እኔ ቀድሜ ልገባ ስል፤
አንድ እግሬን እንደ ዶሮ አንጠልጥዬ ደጅ ቀረሁ።
ኑግዛር ኪሱን ፈተሸ። የባቡር ቲኬት። ክብሪት። ከገበሩ ጋር የተጣበቀ
የዓምና ከረሜላ፣ አንዲት፣ ወረቀቷ የለቀቀ።
ወረወራት። «እግሩ የእኔ...» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ፤
የቀረውን እናቴ ጨረሰችለት፣ ቃሉ እንደነበረ።

ለስድስተኛው ዙር አሥራ ሰባት ቀን ይቀራል። ከዚያ ምርመራ።
ከዚያ ወዲያ አላውቅም።
ከረሜላዋን ባርባሬ ከነአቧራዋ በላች።
ወለሉ ላይ ያ ጀልባ ጫማ፣ ከጎኑ ትንሿ የቤት ጫማ፣
በቀለጠ በረዶ ርሰው ታትመዋል።
አባቴ መወልወያውን አነሳ፤ አየ፤ መለሰው ወደ ቦታው።
እስከ እኩለ ቀን፣ በራሱ እስኪደርቅ፣ ማንም አልነካው።