ሰማያዊ ጠመኔ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር መረመርሁ፤
ላህቲ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ፋብሪካ ውስጥ ኖርሁ።
ሥራዬ፦ ጉድለት ፈልጎ ማግኘት፣
በሰማያዊ ጠመኔ መክበብ፣ ማለፍ ወደሚቀጥለው እንጨት።
አንድ ክብ፦ ይታረም። ሁለት ክብ፦ ይቀነስ ዋጋው።
ሦስት ክብ የዞረበትን ምድጃ ነው የሚበላው።
ባልደረቦቼ “ዓይነ ምስማር” አሉኝ በስተኋላ፤
እንደ ሹመት ቆጠርሁት፣ ስም አልፈለግሁ ሌላ።
ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ የእጅ ሰዓት ነው፤
ጀርባው ላይ ጭረት ነበረው፤ ከእኔ በቀር ማን ሊያየው።

በኅዳር፣ ፀሐይ ገና በዘጠኝ ሰዓት ስትጠልቅ፣
ሥራ የፈታ ጣቴ ጠረጴዛ ሲደልቅ፣
ከኢንተርኔት ገበያ አንድ ጊታር አየሁ፤
ዘጠና ዘጠኝ ዩሮ፣ ከነቦርሳው፤ ጠቅ አድርጌ ገዛሁ።
በወታደርነቴ ዘመን አንድ ዜማ ተምሬ ነበር፤
ግማሹን ረሳሁት፤ ግማሹ ከጣቴ ጋር ጡረታ ወጣ፣ ሳይሻር።

በካርቶን መጣች፤ የካርቶኑ ጠርዝ በበረዶ ርሷል፤
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ተነጥፏል፤
መነጽሬን ጠረግሁ፣ የፋብሪካዬን መብራት ጎተትሁ፣
ከመሳቢያው ጥግ አሮጌውን ጠመኔ ፈልጌ አገኘሁ።

መጀመሪያ ፊቷን። የድምፅ ቀዳዳዋን የከበበው ቀለበት
ጫፍና ጫፉ ሳይገጥም ቀርቷል፣ በአንድ ፀጉር ስፋት።
ክብ።
ወገቧ ላይ ቫርኒሹ ፈስሶ እንደ ሻማ ጠብታ ደርቋል፤
ክብ። ጀርባዋ ላይ የጥፍር ያህል ጭረት በአግድም ያልፋል፤
ክብ። ከድልድዩ ሥር ሙጫ፤ አንዱ በችኮላ ጠርጎ
ግማሹን ለእኔ አስቀርቷል፣ ለዓይኔ ስጦታ አድርጎ።
በጥርስ ሐኪም መስታወት ሆዷ ውስጥ ገብቼ አየሁ፤
አንዷ አግዳሚ ላይ የእርሳስ ጽሑፍ አገኘሁ፦
አርባ አንድ፣ ተሰርዞ፤ ከጎኑ አርባ ሁለት።
የቀን ድርሻውን የሚቆጥር ሰው ተሳስቶ መሆን አለበት።
እርሱንም ልከብበው ነበር፤ እጄ አልደርስ ብሎ ተውሁት።

ኪሊኪ ከታችኛው ፎቅ መሰላል ልትዋስ ገባች፤
አሥራ አንድ ሰማያዊ ክብ አየችና ሣቀች፦
“ታውኖ፣ ይቺን ኩፍኝ ይዟታል ወይስ ፈንጣጣ?
ፎቶ አንሥተህ ላክላቸው፤ ሃያ ዩሮ ይመልሳሉ፤ ለቢራም ቢሆን ይምጣ።
ድምፅዋስ? ድምፅዋስ እንዴት ነው?”
“ገና አልደረስሁበትም” አልኋት፤ “ፊቷን ነው የማየው።”

የመመለሻው ቅጽ “ጉድለቱን በሁለት መቶ ፊደል ይግለጹ” ይላል፤
የእኔ ዝርዝር ግን ከነንዑስ አንቀጹ አራት ገጽ ይሞላል።
አሥራ ሁለተኛውን ፍለጋ መብራቱን ወደ አንገቷ ሳቀርብ፣
ዘመኔን ሁሉ ያልከዳኝ ክንዱ፣ ብሎኑ ላልቶ ኖሮ፣ ዱብ!
ጸጥታ። ከዚያ ደረቷ ላይ፣ ከሁሉ በሚታየው ስፍራ፣
የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስርጉድ፤ ነጭ እንጨት ከውስጡ ሲያበራ።

ጠመኔውን አነሣሁ። እጄ አልታዘዘኝም።
ይህንን ፋብሪካው፣ ይህንን መርከቡ፣ ይህንን ፖስተኛው አላደረገም።
እኔ።

ስንቱ ወንበር ይሆን፣ በእኔው የጣት ቀለበት ተቧጭሮ፣
በሦስት ክብ የፈረድሁበት፣ በከንቱ የነደደ ኖሮ?
እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም፣ ሰው ሆኖ የማይስት፤
እኔ ግን ደመወዝ የተቆረጠልኝ ይህንኑ ለመርሳት።

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ቅጹን ዘጋሁት፣ ሳልሞላው።
ክቦቹን በእርጥብ ጨርቅ አበስሁ፤ አንዱ አልለቅ አለ፣ ገብቷል ከሙጫው።
ክሮቹን አጠበቅሁ፤ ቀጭኑ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ትንሽ ይንጫጫል፤
ይህ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ ይህ ሌላ ዝርዝር ይፈልጋል።
ግማሿን ዜማ ደጋገምሁ፤ ሌላው ግማሽ አልመጣም።
አላስቸኮልሁትም።

ኪሊኪ መሰላሉን ስትመልስ ከደጃፍ ቆማ ሰማች፤
“ስርጉድም አውጥታለች” ብላ በጣቷ ነካች።
አላስተባበልሁም። ወንበር ሳብሁላት፤ ተቀመጠች፤
በገዛ እጄ “አንደኛ ደረጃ” ብዬ ያሳለፍሁት ወንበር ነው፤
ተንገዳገደች።