ስምንተኛዋ

ግዲኒያ፣ ባልቲክ ዳር፣ ኅዳር ማታ፣
ቦጉሚል ታርቮን ጣለው፤ አልተጣደፈም ሊመታ።
መጀመሪያ ክብደት ነው፤ ቡጢ ኋላ ይመጣል።
መቶ አሥር ኪሎ ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ሰው ትንፋሹን ይቆጥራል።
አንጓውን ይዞ ከምንጣፉ ያጣብቀዋል፤
ከዚያ ክርን፦ አጭር፣ ደረቅ፣ እንደ በር ማንኳኳት፤
ጎድን ሲሸፈን ፊት ይራቆታል፣ ፊት ሲሸፈን ጎድን፤
ይኸው ነው ብልሃት።

ልጅ ሳለ፣ ከግቢያቸው የብረት ዘንግ ላይ ምንጣፍ ሰቅሎ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ይመታ ነበር፣ ለእናቱ ብሎ።
በንዴት አልነበረም፤
አቧራው የት እንደተኛ እጁ ያውቃል።

እኔ ዳኛዋ ተንበርክኬያለሁ፣ ከጆሮው አጠገብ፤
«ታርቮ፣ ተከላከል! አሳየኝ!»
ዓይኑ የጣራውን መብራት ያያል። ገና ነው፣ እላለሁ።
አምስት። ስድስት።
ክንዱ ተንቀሳቀሰ፤ ወይስ ምቱ ነው ያንቀሳቀሰው?
ሰባት።

ቦጉሚል እጁን አየር ላይ አቁሞ ዞሮ አየኝ፤
ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ፣ «ዳኛ?» አለኝ።
አንዲት ትንፋሽ ያህል ዘገየሁ።
ዝምታ ፈቃድ ነውና፣ መታ።

ያቺ ስምንተኛዋ የእሱ አይደለችም።
ቤቴ ገብቼ ጓንቴን ሳወልቅ፣
ጣቶቼ መሃል አገኘኋት።